ትዝታቸው የቱርክ ብቻ አይደለም፦ ስለ አውሮፓ ቱርኮች ለተጻፈ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን የአውሮፓ ቱርኮችን ለእኛ ስደተኞች አርአያ አድርጎ የሚያቀርብ አንድ ጽሑፍ ከእጅ ወደ እጅ ሲዘዋወር ሰንብቷል። ክርክሩን ሳላጣምም ባጭሩ ላስቀምጠው። ቱርኮች ወደ ጀርመንና ወደ ጎረቤቶቿ ሲሄዱ ሊመለሱ ቆርጠው ሄዱ፤ ስድሳ ዓመት ቢያልፍም አገራቸውን ከልባቸው አላወጡም። አንድ ሕዝብ ናቸው፣ አንድ ትዝታ አላቸው፣ አገር ቤት ሲሉም ሁሉም የሚያስቡት አንድ ቦታ ነው። ለዚህ ማስረጃው ሙታናቸውን አገራቸው መቅበራቸውና ለአገራቸው መሪ በነቂስ ወጥተው ድምፅ መስጠታቸው ነው። ነገር የተበላሸው የልጅ ልጆቹ ዘንድ ነው፤ እነርሱ «ትዝታ የሌለው ትውልድ» ናቸው። ከዚያ ጸሐፊው ወደ እኛ ይዞሩና «እናንተስ?» ይሉናል።

እኛን የሚመለከተውን ወቀሳ ሌላ ሰው ይመልስላቸው። ፍራንክፈርት ውስጥ ከቱርኮች ጋር አንድ ደረጃ የምወጣና የምወርድ ሰው ነኝ፤ በጽሑፉ ውስጥ የተሣሉትን ቱርኮች ግን እስካሁን አላገኘኋቸውም። (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

«ሊመለሱ ቆርጠው ሄዱ» ከሚለው እንጀምር። መመለስ የልብ ጉዳይ ከመሆኑ በፊት የውል አንቀጽ ነበር። ምዕራብ ጀርመንና ቱርክ የሠራተኛ ቅጥር ስምምነታቸውን ያደረጉት ኦክቶበር 30 ቀን 1961 ነው፤ የበርሊን ግንብ መገንባት ከጀመረ ሦስት ወር እንኳ ሳይሞላ። ግንቡ ከምሥራቅ የሚመጣውን ሠራተኛ ስላቋረጠው ፋብሪካዎቹ የሰው ኃይል አጥሯቸው ነበር። ስምምነቱ ሠራተኛው ከሁለት ዓመት በላይ እንዳይቆይ ይደነግጋል፤ ቤተሰብ የማስመጣት ነገር ጭራሽ አልታሰበም። ኢስታንቡል በተከፈተው የጀርመኖች የቅጥር ቢሮ ዕጩዎቹ በቡድን በቡድን ልብሳቸውን አውልቀው ይሰለፋሉ፤ ሐኪሙ ጥርሳቸውን ያያል፣ ሽንታቸውን ያስመረምራል፣ ሳንባቸውን ያዳምጣል። ያለፈው ከሲርኬጂ ጣቢያ ባቡር ተሳፍሮ ከሁለት ቀን በላይ ተጉዞ ሙኒክ ዋናው ጣቢያ 11ኛው ሐዲድ ላይ ይወርዳል። ከሐዲዱ ሥር በሚገኘው የጦርነት ዘመን ምሽግ ውስጥ ምግብ ይሰጠውና ወደየፋብሪካው ይላካል። ጸሐፊው «ቆርጠው ሄዱ» ይላሉ፤ የቆረጠላቸው ግን ቢሮው ነው።

የሁለት ዓመቱ ገደብ በ1964 ሲነሣ የገፋበት በዋናነት ቀጣሪው ነበር። ሥራ የለመደ ሰው አሰናብቶ እንደገና አዲስ ማለማመድ ኪሳራ ሆነበት። ከዚያ ኖቬምበር 1973 ላይ ጀርመን ቅጥሩን በሙሉ አቆመች፤ ነገሩም ተገለበጠ። በሩ ከተዘጋ በኋላ የወጣ ሰው መልሶ የሚገባበት መንገድ ስላልነበረው ብዙዎች ባሉበት ጸኑ፣ ሚስትና ልጆቻቸውንም አስመጡ። የቀሩት አገራቸውን ስለረሱ ነው ወይም ጀርመንን ስለወደዱ ነው ብሎ መከራከር ይህን የተዘጋ በር አለማየት ነው። እስከዚያ ድረስ ከመጡት ሠራተኞች ግማሽ የሚሆኑት ተመልሰው ነበር፤ ጸሐፊው ግን ስለ ተመላሾቹ አንድም ቃል አልጻፉም። በ1983 ደግሞ የምዕራብ ጀርመን መንግሥት ሥራ አጥ ሆኖ አገሩ ለሚገባ ሠራተኛ 10,500 ማርክ፣ ለእያንዳንዱ ልጅ 1,500 ማርክ የሚከፍልበት ሕግ አወጣ። «አገራችሁ ግቡ» የሚለውን ዜማ እኮ ከቱርኮቹ ይልቅ ጀርመኖቹ አብዝተው አዚመውታል።

ናፍቆት እንደ አገር ፍቅር ግጥም ብቻ ለሚታየው ሰው የኮሎኙን የፎርድ ፋብሪካ እጠቁመዋለሁ። ሠራተኛው የበጋ ፈቃዱ ሲደርስ መኪናውን እስከ ጣሪያው ይጭናል፤ ለእናቱ ምንጣፍ፣ ለወንድሙ ሬዲዮ፣ ለጎረቤት ልጆች ቸኮላት። ኦስትሪያን፣ ዩጎዝላቪያንና ቡልጋሪያን አቋርጦ ኤዲርኔ አጠገብ ወዳለው የካፒኩሌ ድንበር ይደርሳል። መንገዱ ጠባብ ነው፣ ከባድ መኪና ይበዛበታል፣ እንቅልፍ የጣለው ሾፌር ብዙ ሕይወት አጥፍቶበታል። ከድንበሩ በኋላም አናቶሊያ ገና ናት። ደርሶ መልሱ ብቻ ከፈቃዱ ብዙ ቀን ይበላል። በ1973 በጋ ከዚህ መንገድ ዘግይተው የተመለሱ 300 ገደማ ቱርካውያን ሠራተኞች ከሥራ ተባረሩ። ኦገስት 24 ቀን ጓደኞቻቸው ሥራ አቆሙ፤ ፋብሪካውንም ለቀናት ያዙት። ጥያቄያቸው ምን ነበር? የተባረሩት ይመለሱ፣ በሰዓት አንድ ማርክ ይጨመር፣ የመገጣጠሚያው መስመር ፍጥነት ይቀነስ፣ የዓመት ፈቃድ ስድስት ሳምንት ይሁን። እናትን ማየት የሠራተኛ መብት ጥያቄ ሆኖ ከደመወዝ ጭማሪ ጎን ተሰለፈ። አድማው ሳምንት ሳይሞላው በኃይል ተበተነ። የኮሎኝ ቱርኮች ግን ዛሬም ያነሡታል፤ ሲያነሡትም የሚተርኩት የኮሎኝን ታሪክ ነው።

እግረ መንገዴን ስለ ጎረቤቴ ልንገራችሁ። ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው፤ በፀደይ ወደ ኤጂያን ባሕር ዳርቻ ይሄዳሉ፣ በመኸር ይመለሳሉ። የጀርመን ዜግነት አልወሰዱም። የጀርመን ሕግ ከስድስት ወር በላይ ከአገር የወጣን የውጭ ዜጋ መኖሪያ ፈቃድ በአብዛኛው ይሰርዛል፤ ለብዙ ዓመት ነዋሪዎች የተለየ ድንጋጌ ቢኖርም እርሳቸው «ከቢሮ ጋር መነታረክ አልወድም» ብለው ቀን እየቆጠሩ ይመለሳሉ። አንድ ቀን «ጋሼ፣ ለመሆኑ ልብዎ የት ነው?» ብዬ ብጠይቃቸው «የልቤ ሐኪም እንኳ እዚሁ ነው» አሉኝ። ጸሐፊው እኚህን ሰው ከየትኛው ወገን ይመድቧቸው ይሆን?

ወደ ዋናው ስሕተት ልለፍ፤ «አንድ ሕዝብ፣ አንድ ትዝታ» ወደሚለው። 1993ን ብቻ እንመልከት። ሜይ 29 ሌሊት በጀርመኗ ዞሊንገን ከተማ ውስጥ አራት የቀኝ አክራሪ ወጣቶች የጌንች ቤተሰብ የሚኖርበትን ቤት በእሳት ለኮሱት፤ አምስት ሴቶችና ልጃገረዶች ሞቱ፤ ትንሿ የአራት ዓመት ልጅ ነበረች። አምስት ሳምንት ሳይሞላ ጁላይ 2 ቀን ቱርክ ውስጥ በሲቫስ ከተማ አሌቪዎች (ከሱኒው ብዙኃን የተለየ የእምነት ሥርዓት ያላቸው ወገኖች) ለባህል በዓል ያረፉበትን የማዲማክ ሆቴል ከአርብ ጸሎት የወጣ ሕዝብ ከቦ አቃጠለው፤ 33 የበዓሉ ተሳታፊዎችና ሁለት የሆቴሉ ሠራተኞች ሞቱ። እንግዲህ በርሊን ወይም ኮሎኝ የሚኖር አንድ የአሌቪ ቤተሰብ በዚያ በጋ በቴሌቪዥኑ ሁለት እሳት አየ። አንደኛው ቱርክ በመሆኑ የሚያቃጥለው፣ ሁለተኛው አሌቪ በመሆኑ የሚያቃጥለው። ይህ ቤተሰብ አገር ቤት ሲል ድምፁ ውስጥ ያለው ነገር፣ ሱኒው ጎረቤቱ አገር ቤት ሲል ካለው ጋር እንዴት አንድ ይሆናል? ከሲቫስ ወዲህ የአሌቪ ማኅበራት በጀርመን ተበራከቱ፤ ዛሬ በበርካታ ክፍለ ግዛቶች የአሌቪ እምነት በመንግሥት ትምህርት ቤት ይሰጣል። ቱርክ ውስጥ የጸሎት ቤቶቻቸው እንደ መስጊድ የአምልኮ ቦታ የመባል ሕጋዊ እውቅና አላገኙም። እምነታቸውን በይፋ የተማሩት በስደት አገር ነው።

ኩርዶቹንም እንይ። ኩርድኛ ቱርክ ውስጥ ከ1983 እስከ 1991 በሕግ ታግዶ ሳለ መጻሕፍቱ ስዊድን ውስጥ ይታተሙ ነበር። ደቡብ ምሥራቅ ቱርክ ካሉት ከቱር አብዲን ተራሮች የወጡት ሱርያኒ ክርስቲያኖች፣ በእምነት የእኛ ቤተ ክርስቲያን እኅት የሆነችው የሶርያ ኦርቶዶክስ ልጆች፣ ብዙዎቹ የቱርክ ፓስፖርት ይዘው ነው ስዊድን የደረሱት። ሶደርቴሊዬ ከተማ ውስጥ በ1974 የእግር ኳስ ቡድን አቋቋሙ፤ አሲሪስካ ይባላል፣ በ2005 በስዊድን ከፍተኛው ሊግ ተጫውቷል። ደጋፊዎቹ አገር የሌለው ሕዝብ ብሔራዊ ቡድን አድርገው ነው የሚያዩት። የእነርሱ የጋራ ትዝታ የሚጀምረው ከ1915ቱ ጭፍጨፋ ነው። እነዚህን ሁሉ «ቱርኮች» ብሎ በአንድ አቁማዳ መክተት ለጽሑፍ ይመች ይሆናል፣ ለእውነት ግን አይመችም።

የሱኒ ቱርኩም ቢሆን የሚናፍቀው መጀመሪያ ቀዬውን ነው። ብራሰልስ ስካርቤክ ሰፈር የሚኖሩት ብዙዎቹ የኤሚርዳግ ሰዎች ናቸው፤ ኤሚርዳግ በአፍዮን ግዛት ያለች ትንሽ ከተማ ናት። ከኮንያ ግዛት ኩሉ የወጡት ደግሞ ስቶክሆልም ገቡ፤ ኩሉ ውስጥ በስዊድኑ ጠቅላይ ሚኒስትር በኦሎፍ ፓልመ ስም የተሰየመ መናፈሻ አለ። የወንዝ ልጅ የወንዙን ልጅ ጠርቶ፣ ሥራ አስገብቶ፣ ቤት አስከራይቶ የተሠራ ስደት ነው። በበጋ ኤሚርዳግ ውስጥ የቤልጅግ ታርጋ የለጠፉ መኪናዎች መንገዱን ይሞሉታል። የቀሩትም ዘመዶች «የውጭዎቹ መጡ» ብለው በፍቅርም በሹፈትም ይቀበሏቸዋል። ጀርመን ውስጥ ቱርክ የተባለው ሰው ቱርክ ሲገባ «ጀርመናዊው» ይባላል። ይህን ሁለት ጊዜ እንግዳ መሆን ጸሐፊው አንዲት መስመር እንኳ አልሰጡትም።

ሌላው ቀርቶ ከቱርክ ያልመጡ ቱርኮችም አሉ። የቡልጋሪያ መንግሥት በ1984 መጨረሻ የቱርኮቹን ስም በግድ የስላቭ ስም ማድረግ ጀመረ፤ በ1989 በጋ ከ300 ሺህ በላይ ሰው በሳምንታት ውስጥ ድንበር ተሻገረ። የተሻገሩትም የጀርመን ሠራተኞች በየበጋው በሚገቡበት በዚያው በካፒኩሌ በር ነው። አንዱ በፈቃድ ሊጎበኝ፣ ሌላው ቤቱን ዘግቶ፤ ሁለቱም «ወደ እናት አገር»። ታዲያ ከእነዚያ የቡልጋሪያ ቱርኮች ውስጥ ከመቶ ሺህ በላይ የሚሆኑት ብዙም ሳይቆዩ ወደ ቡልጋሪያ ተመለሱ። ቱርክ ውስጥ ቡርሳ ከተማ የቀሩትም የሚናፍቁት የተወለዱበትን የቡልጋሪያ መንደር፣ የትምባሆ ማሳውን ነው። (በ1986 ሜልቦርን ላይ ከቡልጋሪያ ቡድን ጠፍቶ በ1988 በሶል ኦሎምፒክ ላይ ለቱርክ ወርቅ ያነሣው ክብደት አንሺ ናኢም ሱሌይማኖግሉ የእነዚሁ ሰዎች ልጅ ነበር።) አሂስካ የሚባሉት ቱርኮች ታሪክ ደግሞ ከዚህም ይወሳሰባል። ስታሊን ኖቬምበር 1944 ከጆርጂያ ነቅሎ ወደ መካከለኛው እስያ ጣላቸው፤ በ1989 ኡዝቤኪስታን ውስጥ ፈርጋና ሸለቆ ላይ ተገደሉ፣ ተሰደዱ፤ የሩሲያዋ ክራስኖዳር ግዛት መዝግባ አልቀበልም ስትላቸው ከ2004 ጀምሮ አሜሪካ ወሰደቻቸው። ዛሬ ኦሃዮ ውስጥ ዴይተን ከተማ ትልቅ ማኅበረሰብ አላቸው። አብዛኞቹ የተነቀሉበትን የጆርጂያ ምድር አሂስካን በዓይናቸው አላዩም፣ ቱርክም ውስጥ ኖረው አያውቁም። የጸሐፊው ቀመር እነርሱ ላይ ሲደርስ ይሰበራል።

ስለ ቀብር። ብዙ ቱርኮች አስከሬን ወደ አገር መላካቸው እውነት ነው። ግን ከፍቅር ሌላ ሁለት ምክንያቶች አሉ፣ ሁለቱም አሰልቺ የማዘጋጃ ቤት ነገሮች ናቸው። ጀርመን ውስጥ መቃብር በኪራይ ነው፤ ብዙውን ጊዜ ከ20 እስከ 30 ዓመት ቆይቶ ካልታደሰ ቦታው ለሌላ ይሰጣል። እስልምና ደግሞ የተቀበረ ሰው ከመቃብሩ እንዳይነካ ያዛል። በከፈን ብቻ መቅበርም ለረጅም ጊዜ ክልክል ነበር፤ የግድ በሣጥን። በርሊን ይህን ያላላችው በ2010፣ ባቫሪያ በ2021 ነው። በሌላ በኩል ኮሎኝ ያለው ዲቲብ የተባለው የመስጊዶች ማኅበር የቀብር ፈንድ አለው፤ በየዓመቱ ይዋጣል፣ ሲሞቱ ገንዞ፣ አስከሬኑን አጓጉዞ፣ ለአንድ ሸኚ ትኬት ቆርጦ ያደርሳል። እድር ያለው አንባቢ የዚህን ጉልበት ለማወቅ ማብራሪያ አያስፈልገውም፦ የተከፈለበት መንገድ ካለ ሰው በዚያ ይሄዳል። የዞሊንገን አምስቱ ሟቾች የተቀበሩት አማሲያ ግዛት መርጂሜክ መንደር ነው። ሁለት ሴት ልጆቿን፣ ሁለት የልጅ ልጆቿንና አንዲት የእኅት ወይም የወንድም ልጅ በዚያ ሌሊት ያጣችው መቭሉደ ጌንች ግን ዞሊንገንን አልለቀቀችም፤ የጀርመን ዜግነት ወሰደች፣ በ2022 እስክታርፍ ድረስም ጥላቻ እንዳይነግሥ ትማጸን ነበር። ከመቃብሩ ቦታ ብቻ ተነሥቶ የዚህችን ሴት አገር መናገር የሚችል ካለ ይሞክር።

ምርጫውን በቁጥር ልጨርሰው። ጀርመን ውስጥ ከቱርክ የዘር ግንድ ያላቸው ሦስት ሚሊዮን ገደማ ሰዎች አሉ። በ2023 የቱርክ ምርጫ ድምፅ የመስጠት መብት የነበራቸው አንድ ሚሊዮን ተኩል ያህል ናቸው። ከእነርሱም ድምፅ የሰጡት ግማሽ ያህሉ፣ ከሰጡትም ሁለት ሦስተኛው ኤርዶዋንን መረጡ። ከአጠቃላዩ ሲሰላ ከስድስት ሰው አንድ ማለት ነው፤ «በነቂስ» ይህ ከሆነ ቃሉ ትርጉሙን ለውጧል። እንግሊዝና አሜሪካ ውስጥ ደግሞ ያሸነፈው ተቃዋሚው ክሊችዳሮግሉ ነው፣ ያውም በሰፊ ልዩነት፤ ወደዚያ የሄደው በአብዛኛው የተማረው፣ ለንደን ላይ ደግሞ ከ1980ው መፈንቅለ መንግሥት በኋላ የተሰደደው ኩርድና አሌቪ ነውና። ከሁሉ የሚያስገርመው ግን ይህ ነው፦ የጀርመን ፓስፖርት የሌለው፣ በርሊን ክሮይትስበርግ ሃምሳ ዓመት የኖረ ቱርካዊ ለሰፈሩ ምክር ቤት ድምፅ መስጠት አይችልም። ሃምቡርግና ሽሌስቪግ ሆልሽታይን ሊፈቅዱ ሞክረው የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤቱ በ1990 ሻረባቸው። አንካራ ግን ከ2014 ጀምሮ የምርጫ ሣጥን በቆንስላዎቿ አስቀምጣለታለች። የሚጠራው አንድ ብቻ ከሆነ ለሚጠራው መልስ መስጠቱ ምን ይደንቃል? ጁን 2024 ላይ የጸናው አዲሱ ሕግ ጥምር ዜግነትን ፈቅዷል፤ ለመጀመሪያዎቹ ሠራተኞችም የቋንቋውን መስፈርት አቅልሏል። ብዙዎቹ ግን ይህን ሳያዩ አልፈዋል።

የቀረው «ትዝታ የሌለው ትውልድ» የሚለው ነው። የአርሰናል ደጋፊ አንባቢዎቼ ሜሱት ኦዚልን ያስታውሳሉ፤ ጌልዘንኪርሸን የተወለደ፣ አያቱ ለሥራ የመጡ ልጅ። በ2018 ከኤርዶዋን ጋር በተነሣው ፎቶ ሰበብ የጀርመንን ብሔራዊ ቡድን ተሰናብቶ ሲወጣ አገር ሁሉ ስለ ታማኝነት ተከራከረ። ጸሐፊውም ትውልዱን የሚያዩት በዚያ ፎቶ በኩል ይመስለኛል። እኔ ግን ካሰል ከተማን አስቀድማለሁ።

ኤፕሪል 6 ቀን 2006 ሃሊት ዮዝጋት የተባለ የ21 ዓመት ወጣት በራሱ ኢንተርኔት ካፌ ውስጥ ተተኩሶበት ሞተ። ከ2000 ጀምሮ በተመሳሳይ ሽጉጥ የተገደለ ዘጠነኛ ሰው ነበር፤ ስምንቱ ቱርክ ቀመስ፣ አንዱ ግሪክ። ፖሊስ የሟቾቹን ቤተሰቦች በማፍያነትና በዕፅ ንግድ ይጠረጥር ነበር፤ የምርመራ ቡድኑን በኢስታንቡሉ የባሕር ሰርጥ ስም «ቦስፎረስ» ብሎ ሰየመው፤ ጋዜጦችም ግድያዎቹን ዶነር በተባለው የቱርክ ጥብስ ሥጋ ስም ጠሩዋቸው። ከወር በኋላ ቤተሰቦቹና ሺዎች ካሰል ላይ ሰልፍ ወጡ፤ መፈክራቸው «አሥረኛ ሟች አይኑር» የሚል ነበር። ገዳዮቹ ዘረኞች መሆናቸውን ጠርጥረው ይናገሩ ነበር፣ የሰማቸው ግን አልነበረም። አሥረኛዋ ሟች፣ አንዲት ፖሊስ፣ በዓመቱ ተገደለች። ግድያዎቹን የፈጸመው የኒዮ ናዚ ቡድን የታወቀው ኖቬምበር 2011 ላይ ነው። አምስት ዓመት ሙሉ እውነቱን የያዘው መንግሥት ሳይሆን የስደተኞቹ ትዝታ ነበር፤ በ1992 እንዲሁ የቱርኮች ቤት የተቃጠለባትን ሞልንን፣ ዞሊንገንንም ያስታውሱ ስለነበር ነው የገባቸው። አባትየው ልጃቸው የተወለደበትና የተገደለበት የሆላንድ ጎዳና በስሙ እንዲጠራ ጠየቁ። ከተማው ጎዳናውን ትቶ በአቅራቢያው ያለ አደባባይ በ2012 ሰየመለት።

ከእኔ ቤት በባቡር ብዙ የማይርቀው ሃናው ውስጥ ደግሞ ፌብሩዋሪ 19 ቀን 2020 አንድ ዘረኛ ዘጠኝ ወጣቶችንና ጎልማሶችን ገደለ። ከሟቾቹ ቱርኮችና ኩርዶች ነበሩ፣ የሮማ ሕዝብ ልጆች፣ አፍጋናዊና ቦስኒያዊ ቤተሰብ ያላቸውም ነበሩ። ቤተሰቦቹ በጋራ ተደራጁ፣ ስማቸውን በየግድግዳው ጻፉ፣ የፖሊስን ጥፋት ራሳቸው መረመሩ። ይህ ማኅበር በቋንቋም በእምነትም አንድ አይደለም፤ ያገናኘው በዚያች ከተማ የደረሰበት ነገር ነው። መታሰቢያው የተረት ሰብሳቢዎቹ የግሪም ወንድማማቾች ሐውልት በቆመበት በከተማው ዋና የገበያ አደባባይ እንዲሠራ ጠየቁ። ከተማው ሌላ ቦታ መረጠ፤ ከቤተሰቦቹ ብዙዎቹ አሁንም ቅር እንዳላቸው ነው። ጸሐፊው ትዝታ የላቸውም ያሏቸው እነዚህ ልጆችና ወላጆቻቸው ለዓመታት የተሟገቱለት ቦታ ያለው አናቶሊያ ውስጥ አይደለም፤ ከፍራንክፈርት አጠገብ፣ ሃናው መሀል ገበያ ላይ ነው።